«ተኩሰህ አሳየኝ» ይላል ሕጉ፤ መተኮሻው ግን የት ነው?

ቺካጎ የምትባለው ታላቅ የአሜሪካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣችውን ደንብ የሰማ ያገሬ ሰው «ይህስ የእኛው ቀበሌ ነው!» ሳይል አይቀርም። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ጁን 28 ቀን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሣሪያ የመያዝ መብት ከተሞችንም ክፍላተ ግዛትንም እንደሚያስገድድ ወሰነ። ቺካጎ ለብዙ ዓመታት ነዋሪዎቿን ሽጉጥ ስትከለክል የኖረችበት ሕግም በዚሁ አከተመለት። የከተማዋ ምክር ቤት ታዲያ ሳምንት እንኳን ሳይሞላው አዲስ ደንብ ይዞ ብቅ አለ። መሣሪያ በቤቱ ማስቀመጥ የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ ይሠልጥን፣ ከሥልጠናውም አንዱን ሰዓት የተኩስ ቦታ ገብቶ በእውነተኛ ጥይት ይተኩስ አለ። እሰየው! እስከዚህ ድረስ ምን ክፋት አለው? ግን ያው ደንብ ወረድ ብሎ ምን ይላል መሰላችሁ? በከተማዋ ክልል ውስጥ ለሕዝብ የተኩስ መለማመጃ ቦታ መክፈት ፈጽሞ ክልክል ነው!

ፈተናውን ሳታልፍ በሩን አትገባም፤ መፈተኛው ግን ከበሩ ውስጥ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ አይደለም እንዴ? ለፖሊሶችና ለጥበቃ ኩባንያዎች እኮ የተፈቀዱ መተኮሻዎች በከተማዋ ነበሩ። የተዘጋው ለተርታው ሰው ነው።

ከተማዋን ከሰሷት። የከተማዋ ጠበቆች «ከተማ ወጣ ብለው ይተኩሱ፣ ማን ከለከላቸው» ብለው ተከራከሩ። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በጁላይ 2011 መብትን እዚህ ነፍጎ «ሌላ ቦታ ሄደህ ተጠቀምበት» ማለት አይቻልም ብሎ መለሰላቸው። እጅ ሰጡ? የት! ክልከላውን አንስተው በምትኩ የቦታ ደንብ አመጡ። ከዚህ እንዲህ ያህል ይራቅ፣ ከዚያ እንዲያ ያህል ይራቅ እያሉ ቀናንሰው፣ ለተኩስ ቦታ ሊውል የሚችለው የከተማዋ መሬት 2.2 በመቶ ብቻ ሆነ። ይኸው ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2017 እንደገና ውድቅ አደረገው። እስከዚያ ድረስ በዚያች ሚሊዮኖች በሚኖሩባት ከተማ አንድም ለሕዝብ የተከፈተ መተኮሻ አልነበረም።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንዴት ምናችን ነው! እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን አፍንጫ ሥር ነው። በዚህ አካባቢ የሚኖረው ወገን በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ቀላል የማይባለው እንጀራውን የሚበላው በሌሊት ነው። ቤንዚን ማደያ ውስጥ ካሸር፣ መጠጥ ቤት፣ ፓርኪንግ፣ ታክሲ፣ ጥበቃ... ሽጉጥ ተደቅኖበት የማያውቅ የሌሊት ሠራተኛ ብትፈልጉ ጥቂት ነው የምታገኙት። እዚያ አዲስ አበባ ሆናችሁ በየወሩ የሚላክላችሁ ገንዘብ የሚመጣው ከዚያ ባንኮኒ ኋላ ነው። እነዚህ ሰዎች ሽጉጥ እየገዙ ነው። እየገዙ መሆናቸውን በየማኅበሩና በየለቅሶው ስንጫወት እሰማለሁ። ተኩሰውበት ያውቃሉ ወይ? እሱን ብትጠይቁ ነገር ይመጣል።

አቋሜን ልናገርና ልገላገል። ሽጉጥ የሚታጠቅ ሰው ሁሉ በእውነተኛ ጥይት ተኩሶ እንዲያሳይ ሕግ ሊያስገድደው ይገባል ባይ ነኝ። ግን ያስገደደው መንግሥት መተኮሻውን መክፈት፣ ዋጋውን ማቅለል፣ ሰዓቱንም ለሌሊት ሠራተኛ ማመቻቸት አለበት። ይህን ካላደረገ ደህንነት ጠበቅሁ አይበለን። ከለከልኩ ብሎ በግልጽ ይንገረን!

አሁን ወደ ሕጎቹ። አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ጉዳይ አገሩን ሁሉ የሚገዛ አንድ ወጥ ሕግ የለም። የፌዴራሉ መንግሥት ከነጋዴ የሚገዛው ሰው ወንጀለኛ አለመሆኑን ያጣራል እንጂ «ለመሆኑ መተኮስ ትችላለህ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቁት፣ ወይም የማይጠይቁት፣ ስቴቶቹ ናቸው። ኢሊኖይ በ2013 ባወጣችው ሕግ ሽጉጥ ታጥቆ መሄድ ለሚፈልግ 16 ሰዓት ሥልጠና አዘዘች፤ በዚያ ላይ ከ5፣ ከ7 እና ከ10 ያርድ አሥር አሥር ጥይት ተኩሶ 70 በመቶውን ኢላማ ላይ ማሳረፍ አለበት። ኒው ዮርክ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ 16 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ተኩስ። ዲሲም ያው 16 እና 2። ካሊፎርኒያ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ተኩስ ያለበት 16 ሰዓት። ኮሎራዶ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 8 ሰዓት፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያም 50 ጥይት። የእኔዋ ሜሪላንድ ደግሞ ከ2013 ወዲህ ሽጉጥ ለመግዛት ብቻ 4 ሰዓት ትምህርትና ቢያንስ አንድ ጥይት መተኮስን ግዴታ አድርጋለች። አዎ፣ አንድ ጥይት! ይዞ ለመንቀሳቀስ ከሆነ ግን 16 ሰዓት ነው።

ወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። ቴክሳስ ቀድሞ ፈቃድ ፈላጊውን 50 ጥይት አስተኩሳ ትፈትን ነበር። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግን ሕጉ የማይከለክለው ዕድሜው 21 የሞላ ሁሉ ያለፈቃድ ታጥቆ ይሂድ አለች። ፈቃዱ ሲቀር ፈተናውም አብሮ ቀረ፤ ወዶ ፈቃድ የሚያወጣ ብቻ ይፈተናል። ጆርጂያ በ2022 ተከተለች፤ እሷማ ቀድሞም ፈቃድ ስትሰጥ ሥልጠና ጠይቃ አታውቅም። ፍሎሪዳ በ2023 ገባች። በ2024 ሉዊዚያና ስትጨመር ያለፈቃድ የሚያስታጥቁት ስቴቶች 29 ደረሱ። ዳላስ፣ ሂዩስተን፣ አትላንታ... ወገኖቻችን የሞሉባቸው ከተሞች ሁሉ እዚህ ውስጥ አሉ።

ቨርጂኒያ መካከል ላይ ናት። በኢንተርኔት ቪዲዮ አይቶ የምስክር ወረቀት ማውጣት ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ቀረና በአካል ቀርቦ መማር መጣ። ያን ያመጣው ሕግ ግን ስንት ጥይት ይተኮስ፣ ስንቱ ይምታ የሚል ቁጥር አላስቀመጠም። ሽጉጥ ገዝተው የሚያውቁ የቨርጂኒያ ወዳጆቼም ሲገዙ ስለ ሥልጠና የጠየቃቸው አልነበረም።

ከእነዚህ አንዱ በዕድሜ የገፉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። መጠጥ መሸጫ ውስጥ የሌሊት ካሸር ናቸው።

«ጋሼ፣ ሽጉጥ ገዙ ሲሉ ሰማሁ» አልኳቸው።

«ገዛሁ እንጂ! ሁለቴ ተዘረፍኩ፤ ሦስተኛውን ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?»

«ተኩሰውበታል ታዲያ?»

«ስማ አንተ ልጅ! እኔ በብሔራዊ ውትድርና ክላሽ ዓይኔን ታስሬ ፈትቼ የምገጥም ሰው ነኝ። ይቺ መጫወቻ ናት!»

አባባላቸው ብዙ ሰው የሚለው ስለሆነ እንለፈው አይባልም። ያ ትውልድ መሣሪያ እንደሚያውቅ ማንም አይክድም። ግን ክላሽ ሌላ፣ ሽጉጥ ሌላ። ክላሽ ሰደፉ ትከሻ ላይ ያርፋል፣ በሁለት እጅ ይያዛል፣ ተኩስ የሚያግደው መቆለፊያም በጎኑ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ፣ ሲነካ የሚንቋቋ ትልቅ ብረት ነው። እሳቸው የገዙት ግሎክ ደግሞ በጣት የሚዘጋ የውጭ መቆለፊያ የለውም። መጠበቂያዎቹ ከውስጡና ከቃታው ላይ ያሉ ስለሆኑ ጣት ቃታውን ሙሉ በሙሉ ከሳበ ይተኩሳል፣ አለቀ። ክላሽ የለመደ እጅ መቆለፊያውን ይፈልጋል፤ ፈልጎ የሚያገኘው ቃታውን ነው።

ሌላም አለ። ካዝናው ሲወጣ ሽጉጡ ባዶ ሆነ ብሎ የሚያምን ስንት ሰው አለ መሰላችሁ! ቀድሞ የጎረሰው አንድ ጥይት እዚያው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ካዝናውን አውጥቶ ለልጁ «ባዶ ነው፣ ያዘው» የሚል አባት የሚያለቅሰው በዚያች በአንዷ ጥይት ነው።

ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ በሥዕል ማስተማር አይቻልም ወይ? ይቻላል። መማሩና መቻሉ ግን አንድ አይደሉም። ባለፈው ዓመት እኔም የ16 ሰዓቱን ኮርስ ቅዳሜና እሁድ ወሰድኩ። አስተማሪያችን ጡረታ የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ ፖሊስ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ የአገራችን ልጅ፣ ኮምፒውተር የተማረ ጎበዝ ሲሆን፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሳይጨርሱለት የሚመልስ ዓይነት ነው። አራቱን የደህንነት ሕጎች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወርዳቸዋል። አፈሙዙን ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አታዙር፣ ጣትህን ቃታ ውስጥ አታግባ... የጽሑፍ ፈተናውን አንድም ሳይስት ደፈነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ መተኮሻው ቦታ ገባን። ልጁ የመጀመሪያውን ተኮሰ። ሁለተኛውን ሊተኩስ ሲል አልሠራለት አለ፤ ቀለሁ ተቀርቅሮ ኖሯል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «ምን ሆኖ ነው?» ለማለት ሽጉጡን እንደያዘ፣ ጣቱ ቃታው ውስጥ እንዳለ፣ ወደ እኛ ዞረ! ሰባት ሰዎች ከኋላው ቆመናል። አስተማሪው በዚያ ዕድሜው እንዴት እንደበረረ አላውቅም፤ አንጓውን ጨምድዶ አፈሙዙን ወደ ኢላማው መለሰው። ማንም ቃል አልተነፈሰም። ልጁ አመድ መስሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ተነስቶ ተመለሰና ቀሪውን ጥይት በሥርዓት ተኩሶ አለፈ።

ያ ልጅ ጽሑፉን ብቻ ተፈትኖ ወረቀቱን ቢቀበል ኖሮ ያቺ መዞር የምትመጣው የት ነበር? ሳሎኑ ውስጥ ሚስቱ ፊት፣ ወይም ደንበኛ በሞላበት ሱቅ ውስጥ ነበራ! ድምፁ ጆሮ ይደፍናል፣ እጅ ወደ ላይ ይስፈነጠራል፣ ትኩስ ቀለህ አንገትጌ ውስጥ ይገባል፤ ሰው በዚያን ጊዜ የሚያደርገውን በቃል ጥናት አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። መንግሥትም ቢሆን ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ለራሱ ሰዎች ሲሆን በወረቀት አያምንማ! ጡረታ የወጣ ፖሊስ እንኳን በመላው አገሪቱ ታጥቆ እንዲሄድ በ2004 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሲፈቅድለት፣ በየ12 ወሩ ተኩሶ ብቃቱን እንዲያሳይ አስገድዶታል። 25 ዓመት የታጠቀ ፖሊስ በየዓመቱ ይፈተን ተብሎ ትናንት ሽጉጥ የገዛ ካሸር አይፈተን የሚል ክርክር የት ያስኬዳል?

«መብት ፈተና የለውም» የሚሉ አሉ። ቀላል ክርክር አይደለም፣ ታሪክም ይደግፋቸዋል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1956 ሞንትጎመሪ ውስጥ ቤቱ በቦምብ ከተመታ በኋላ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ አመለከተ። የከለከሉት ነጭ ባለሥልጣኖች ናቸው። «ብቁ ነው፣ አይደለም» የሚለው በሹም ፊት ሲወሰን ማን ብቁ እንደሚባል የእኛ አገር ሰው ሊነገረው አያስፈልግም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጁን 2022 የኒው ዮርክን የቆየ ሕግ 6 ለ3 ሲሽር፣ ዜጋው «ልዩ ምክንያት አለኝ» ብሎ ሹምን መለመን የለበትም አለ። ኒው ዮርክ ውስጥ ድኾችን በነፃ የሚከላከሉ ጠበቆችም፣ ብዙዎቹ ጥቁሮች፣ ሕጉ ይሻር ብለው ለፍርድ ቤቱ ጽፈው ነበር። በዚያ ሕግ እየተከሰሰ ወህኒ የሚወርደው ደንበኛቸው ጥቁርና ስፓኒሽ ነዋ!

ያው ፍርድ ግን ሁለት ነገር በግርጌ ማስታወሻው አስፍሯል። የመሣሪያ ሥልጠና መጠየቅን በጅምላ አልነቀፈም። ነገር ግን ማለቂያ የሌለው ጥበቃ ወይም የተጋነነ ክፍያ ተራውን ሰው መብቱን የሚያሳጣው ከሆነ በሩ ለክስ ክፍት ነው ብሏል። ሥልጠናው ይኑር፣ መሰናክል ግን አይሁን እንደማለት ነው። ሜሪላንድ የ4 ሰዓቱን ሕግ አስመልክቶ ተከስሳ በ2023 በሦስት ዳኞች ፊት ተረታች፤ በ2024 ሙሉው የይግባኝ ችሎት መልሶ ፈረደላት፤ በጃንዋሪ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልነካውም ብሎ ተወው። ሕጉ ቆመ ማለት ነው።

ስለዚህ ክርክሩ መሰናክሉ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ የአንዲት እህታችንን ጉዳይ ላንሳ። ዲሲ ውስጥ ቀን ፓርኪንግ ካሸር ናት፣ ማታ አንዲት አሮጊት ትጠብቃለች። የቀድሞ ባሏ ያስፈራራታል። የፍርድ ቤት እግድ አውጥታለች፤ እግዱ ወረቀት ነው። ሽጉጡን ቤት ማስቀመጥ ብቻ ቢሆን ዲሲ ቀድሞ ትጠይቀው የነበረውን የአንድ ሰዓት ተኩስ በ2012 አንስታዋለች። እሷን የሚያስፈራት ግን ቤቷ አይደለም። ከአሮጊቷ ቤት ወጥታ በእግሯ የምትሄደው ጨለማ መንገድ ነው። ይዛ ለመሄድ 16 ሲደመር 2፣ 18 ሰዓት ተባለች።

«ወንድሜ፣ 18 ሰዓት ቢኖረኝ እኮ እተኛበት ነበር» አለችኝ።

ሳቅን። ምን ያስቃል? ሁለት ቀን ሙሉ ከሥራ መቅረት የሁለት ቀን ደመወዝ ነው። ለአስተማሪ የሚከፈለው ብዙ መቶ ዶላር፣ ጥይቱ፣ የመተኮሻው ኪራይ፣ የማመልከቻው ክፍያ፣ ልጅ የምታስጠብቅበት... መተኮሻ ዲሲ ውስጥ ፈልጋ ስላላገኘች ወደ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ትሂድ፣ መኪና የላት። ኒው ዮርክ ከተማ ብትሆን ኖሮ ማመልከቻው ብቻ 340 ዶላር፣ አሻራው 88 ከ25 ሳንቲም ነው። ቢሮ ላይ ሰዓት ጠብቆ «ቆጵ» የሚያደርግ ዶክተርና ጠበቃ ይህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይጨርሰዋል። እሷ ግን አመልክታ አታውቅም። ሕጉን ያረቀቁት የምክር ቤት ሰዎች ክፉ ናቸው አልልም፤ ግን መሣሪያ የታጠቀ ዘብ በር ላይ ከሚቆምለት ሰው የሌሊት መንገድ ፍርሃት እንዴት ይጠበቅ?

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ይሉ ይሆናል። ገንዘቡማ አለ! የፌዴራሉ መንግሥት ከጠመንጃና ከጥይት 11 በመቶ፣ ከሽጉጥ 10 በመቶ ቀረጥ ከአምራቹና ከአስመጪው ይሰበስባል። የሚከፍለው በመጨረሻ ገዢው መሆኑ ግልጽ ነው። ገንዘቡ ለስቴቶች ተከፋፍሎ ለዱር እንስሳት ጥበቃ፣ ለአዳኞች ትምህርትና ለሕዝብ መተኮሻ ቦታዎች ይውላል። በ2019 የወጣ ሕግ ደግሞ መተኮሻ ቦታ ለሚገነቡ ስቴቶች የፌዴራሉን ድርሻ እስከ 90 በመቶ አሳድጎላቸዋል። ጋሼም ግሎካቸውን ሲገዙ ይህ ቀረጥ ዋጋው ውስጥ ነበረ። መተኮሻዎቹ የሚሠሩት ግን በአብዛኛው አጋዘን በሚታደንበት ገጠር ነው። አጋዘን አዳኙ በነፃ ወይም በርካሽ፣ በበጎ ፈቃደኛ አስተማሪ ይማራል። ባንኮኒ ኋላ የቆመው ከፋዩ ግን በገዛ ቀረጡ የተሠራውን ቦታ አይቶትም አያውቅ!

ከተማ ውስጥ መሥራት ከባድ ነው፣ ድምፅ አለው፣ የእርሳስ ብናኝ የሚያወጣ የአየር መሣሪያ ይፈልጋል፣ ጎረቤት ይጮሃል። እውነት ነው። ፖሊሶች ግን የሚተኩሱበት ቦታ አላቸው። ያንኑ ቦታ በሳምንት ሁለት ጧት፣ የሌሊት ፈረቃ ሲወጣ፣ ለነዋሪው መክፈት ምን ያህል ይከብዳል?

ተኩስ ማስተማር ሁሉን ይፈውሳል የሚል ካለ ግን አብሬው የለሁም። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ለዚህ ኢላማ መምታት መድኃኒት አይሆንም። ኒው ዮርክ በትምህርቱ ውስጥ ራስን ስለማጥፋት እንዲነገር ማስገባቷ ደግ አደረገች። እኛ ደግሞ ሬሳ ልከን እንኳን «በድንገተኛ ሕመም» የምንል ሕዝብ ነን። ስለ ሥልጠናው የተጠናውም ቢሆን በልኩ ነው የሚወሰድ። በ2015 በተደረገ ጥናት ከ10 ባለመሣሪያዎች መካከል መደበኛ ሥልጠና ወስጃለሁ ያሉት 6 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የ40 ዓመት መረጃ አገላብጠው በ2023 ሲያሳትሙ፣ ታጥቆ የመሄድ ፈቃድን ማላላት የሚያመጣው ጉዳት ጎልቶ የሚታየው አደጋን ለመቀነስ የታሰቡ ቅድመ ሁኔታዎች በሌሉበት ነው አሉ።

ለእኛ ሰው ደግሞ ከተኩሱ ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ጋሼን ያስደነገጥኳቸውም በእሱ ነው። እዚህ የታክሲና የኡበር ሾፌር በአንድ ሌሊት ቨርጂኒያን፣ ዲሲንና ሜሪላንድን ይረግጣል። ቨርጂኒያ ላይ ሕጋዊ የሆነ ሽጉጥ ድልድዩን ሲሻገር ወንጀል ይሆናል፤ ዲሲ የሌላ ስቴት ፈቃድ አትቀበልማ። ኡበር ራሱ ሾፌሮቹ እንዳይታጠቁ ከ2015 ጀምሮ ከልክሏል። ዜጋ ለሆነው ጣጣው ጠበቃና እስር ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ላለው ወገን ግን በመሣሪያ ሕግ ጥፋተኛ መባል ከአገር ሊያስባርር ይችላል። በቱሪስትና በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ጭራሽ መሣሪያ መያዝ አይችልም፣ መተኮሻ ቦታ ገብቶ ተከራይቶ መተኮሱም ያስጠይቀዋል። 16 ሰዓቱ ውስጥ ይህ ሁሉ ይነገራል። ሽጉጥ ሲገዛ ሳጥኑ ውስጥ ግን አብሮ አይመጣም።

«እንዴ! እኔ እኮ ዜግነት ገና አልወሰድኩም» አሉ ጋሼ። ከዚያም ኮርሱ ስንት ነው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ።

ሲያትል ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። የዋሽንግተን ስቴት ገዢ ቦብ ፈርጉሰን በሜይ 2025 የፈረሙት ሕግ ከሜይ 1 ቀን 2027 ጀምሮ መሣሪያ ለመግዛት ፈቃድ ማውጣትን፣ ለፈቃዱም በእውነተኛ ጥይት የተደረገ ሥልጠናን ይጠይቃል። እዚያም የሌሊት ሠራተኛ አለን፣ ታክሲ ነጂ አለን። መተኮሻው በየትኛው ሰፈር፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ብር እንደሚከፈት፣ ትምህርቱም በአማርኛ የሚሰጥ አስተማሪ ይኖር እንደሆነ፣ ምክር ቤት የላካችኋቸውን ሰዎች ቀኑ ሳይደርስ ጠይቋቸው። መልሱን ለዚህ ጋዜጣ ብትልኩት ይታተማል።